በሰባው ሜትር ደረጃ ላይ የሰማሁት አማርኛ

ከዋሽንግተን ከተማ ወጣ ብሎ ያለውን የዊተንን ሜትሮ ጣቢያ የማያውቅ አንባቢ ካለ ልንገረው። ከምድር ሥር ወደ ላይ የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ደረጃ 70 ሜትር ይረዝማል፤ በምዕራቡ የዓለም ክፍል ካሉት ወጥ ደረጃዎች ሁሉ ረጅሙ እሱ ነው። ጣቢያው በ1990 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ጀምሮ፣ ቆሞ የሚወጣ ሰው ሦስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ እዚያ ላይ ይቆያል። አባታችን ሆይንና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ሳይጣደፉ ለማድረስ ይበቃል። እኔም ከሥራ ስመለስ የማደርገው ይህንኑ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ግን ጸሎቴን አላደረስኩም። ከእኔ ሦስት እርከን ከፍ ብሎ አንድ ወገኔ ቆሟል። ጥሩ ኮት ለብሷል፣ አንገቱ ላይ የሥራ መታወቂያ አንጠልጥሏል፣ ዕድሜው ከሠላሳ አምስት አይበልጥም። በስልክ ሰው ይሰድባል። «ስማ! አንተ ሰውዬ፣ ስንት ጊዜ ልንገርህ? ቁልፉን እዚያ አስቀምጥ ያለህ ማነው? ጃጅተሃል! ካቃተህ ቤትህ ተኛ፤ አንተን የሚተካ መቶ ሰው አለኝ!» በወዲያ በኩል ያለው ሰው የሚለው አይሰማም። ብዙም የሚል አልመሰለኝም። ሰውየው እንደጃጀ ከተነገረው በዕድሜ የገፋ ነው፤ ቁልፍ ከተባለ ፓርኪንግ የሚሠራ ነው። ይህን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ሰባውን ሜትር በሙሉ ሰደበው። ከፊቱ ነጠላ ያደረገች አንዲት እናት አንገቷን ደፋች። ከጎኔ የቆመው ልጅ የጆሮ ማዳመጫውን ጠበቅ አደረገ። ወገኔ ሆይ፣ እዚህ ዊተን ላይ፣ በዚያ ደረጃ ላይ፣ በዚያ ሰዓት፣ አማርኛ የማይሰማ ማን መሰለህ? ጆርጂያ አቬኑን ይዘህ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ብትወርድ በየደጃፉ ቡና የሚያፈላው ማን ነው?

ከላይ ልንደርስ ስንል ሌላ ስልክ ተደወለለት። አየት አድርጎ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «የስ ሰር! አብሶሉትሊ ሰር! ታንክ ዩ ሶ ማች ሰር!» አለ። ድምፁ ማር ሆነ። ትከሻው እንኳን ዝቅ አለ። የሚያናግረው የበላዩን እንደሆነ ገባኝ። ያንን ስድብ ሰምቼ ብቻ ቢሆን ምናልባት እተወው ነበር፤ ሰው ይደክመዋል፣ ይናደዳል። ያችን ማር ስሰማ ግን ደሜ ፈላ። አፉን መግዛት ይችላል ማለት ነዋ! መልካም አነጋገር ያውቃል ማለት ነዋ! የሚሰስተው ለእኛ ነው።

ይኸውላችሁ፣ ስለ አለቅነት የምመክረው ይህንኑ አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው። አለቃ ከሆንክ፣ ለፈረንጁ የምታወጣውን አፍ ለወገንህም አውጣ።

የሥራ ቦታችሁ ሁለት ቀን ሆቴል ውስጥ አስቀምጦ ሊደርሺፕ ያስተምራችኋል። ምሳ አለ፣ ቡና አለ፣ ሰርተፍኬት አለ። ፎቶ ተነስታችሁ ፌስቡክ ላይ ትለጥፋላችሁ፣ እኛም እንኳን ደስ ያላችሁ እንላለን። በሰርተፍኬቱ ላይ አንዲት መስመር ጎድላለች፤ ሠልጣኙ በአማርኛ ሲናገርም ያው ሰው ይሁን የምትል መስመር። አስተማሪዋ ምን ታድርግ! ተማሪዋ ሁለት ሰው መሆኑን በምን ታውቃለች?

እንግሊዝኛ አንዲት «ዩ» አለችው። ለፕሬዚዳንቱም ለዘበኛውም እሷው ናት። ለእኛ ግን አባቶቻችን አንተን፣ አንቺን፣ አንቱን፣ እርስዎን ለይተው አውርሰውናል። አማርኛ ተናጋሪ አፉን ገና ሲከፍት ሚዛን ይዞ ነው፤ የፊቱን ሰው ሳይመዝን አንድ ግሥ ማሰር አይችልም። (እግዚአብሔርን አንተ እንለው የለ እንዴ ብለህ እንዳትመጣብኝ፤ ያ የፍቅር ነው።) እንግዲህ አንድ የሃያ ስምንት ዓመት ሱፐርቫይዘር የስድሳ አምስት ዓመት ሰው «አንተ» ሲል ምላሱ አዳልጦት አይደለም። መዝኖ ነው። መዝኖ አቅልሎታል።

ያ ሰው አገር ቤት ማን ነበር? ጠይቀኸው ታውቃለህ? በየፓርኪንጉ ትኬት የሚቆርጡት፣ በየሆቴሉ አንሶላ የሚያጥፉት፣ በየነርሲንግ ሆሙ ሽማግሌ የሚያገላብጡት ሰዎቻችን ከሰማይ አልወረዱም። ሃያ ዓመት ፊደል ያስቆጠረ መምህር አለባቸው፤ የመቶ አለቃ የነበረ አለባቸው፤ የባንክ ቅርንጫፍ ያስተዳደረ አለባቸው። እንግሊዝኛው ስለከበደው፣ ወረቀቱ ስለዘገየበት፣ የልጆቹ ጉሮሮ ስለማይጠብቅ ነው አንተ ሥር የገባው። አንተ ቀድመኸው መጣህ እንጂ በልጠኸው አይደለም።

የመቶ አለቃ ካልኩ ላይቀር፣ ይህ ስም ከየት እንደመጣ አስታውሱ። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ለብቻው ተቀምጦ የሕዝቡን ክርክር ሲሰማ ያየው አማቱ ዮቶር ገሠጸው፤ ትደክማለህ፣ ሕዝቡም ይደክማል፣ የሺ፣ የመቶ፣ የሃምሳ፣ የዐሥር አለቃ ሹም አለው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 የተጻፈ ነው። ሻለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ ዐሥር አለቃ እያልን ወታደር ስንሾም የኖርነው በዚያው አጠራር ነው። እና የዐሥሩ አለቃ የተሾመው ለምን ነበር? ሙሴ ጋ ለመድረስ ለማይችለው ሰው ጆሮ እንዲሆነው! ጆሮ ነው የተባለው እንጂ አፍ አልተባለም። አንተ ዐሥር ሰው ተሰጥቶህ ዐሥሩንም አንድ ቀን ቁጭ ብለህ ሳትሰማ፣ ስኬጁል በቴክስት እየወረወርክ፣ ማስጠንቀቂያ በቴክስት እየወረወርክ፣ የዐሥር አለቃ ነኝ ትላለህ?

የሰሎሞንን ልጅ ሮብዓምንም አንብብ፤ በእኛ ታሪክ የቀዳማዊ ምኒልክ የአባት ልጅ ነው። ሕዝቡ መጥቶ ቀንበር አቅልልልን አለው። ሽማግሌዎቹ በመልካም ቃል መልስላቸው አሉት፤ አብሮ አደጎቹ ግን አስፈራራቸው አሉት፣ አስፈራራቸው። ከዐሥራ ሁለቱ ነገድ ዐሥሩ ጥለውት ሄዱ። ግብሩን ስላልቀነሰ ብቻ አይመስለኝም፤ በአነጋገሩ ነው። ዛሬም በዚህ ከተማ ሰው ከሥራ የሚለቀው ሰዓቱ ረዝሞበት አይደለም። ድብል ሠርቶ፣ ሁለት ሥራ ይዞ፣ አውቶቡስ ላይ አንቀላፍቶ የሚኖር ሕዝብ ሰዓት አይፈራም። የሚለቀው «አንተ» ተብሎ ነው። ከዚያ ማናጀሩ ሰው ጠፋ፣ ሐበሻ ሥራ አይወድም እያለ ያማርራል።

ወደ ራሳችን ቤት እንምጣ። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተዋጉ። ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። በዚያ ዘመን የተማረከ ንጉሥ ምን እንደሚጠብቀው ይታወቃል። ምኒልክ ግን ቁስላቸውን አሳከሙ፣ እንደ ንጉሥ በክብር ያዟቸው። ዐሥራ አራት ዓመት ቆጥራችሁ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ላይ ድረሱ፤ ዓድዋ ላይ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው ከምኒልክ ጎን ተሰልፈዋል። ያን ጊዜ እምባቦ ላይ የተማረኩትን ንጉሥ በሰው ፊት ቢያዋርዷቸው ኖሮ የጎጃም ጦር ዓድዋ ላይ በሙሉ ልቡ የሚሰለፍ ይመስላችኋል? አንተ በየካቲት የምኒልክን ምስል ያለበት ቲሸርት ለብሰህ ትጨፍራለህ። የማረኩትን ጠላት ያከበሩትን ሰው ደረትህ ላይ አድርገህ የቀጠርከውን ወንድምህን ትሰድባለህ። አውልቀው!

ደግሞ አትሌቶቻችንን ተመልከት። ነሐሴ 2004 እ.ኤ.አ.፣ አቴንስ፣ የዐሥር ሺህ ሜትር ፍጻሜ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እግሩን ታሞ ነው የገባው። ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ከፊት ሆነው ፍጥነታቸውን ቀነስ እያደረጉ ወደ ኋላ ዞር ዞር ይላሉ፤ ኃይሌን ይጠብቃሉ። በኦሎምፒክ ፍጻሜ፣ ወርቅ ፊታቸው ተቀምጦ! እንደማይደርስ ሲያረጋግጡ ነው የሄዱት። ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር ወሰዱ፣ ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። ያን ቀን በየቤቱ ያለቀስነው ወርቁን አይተን ብቻ አልነበረም። ዞር ማለታቸውን አይተን ነው። ቀነኒሳ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር፤ ታላቅ ማለት ምን እንደሆነ ግን ያውቅ ነበር። የእኛ ሱፐርቫይዘር ወደ ኋላ የሚዞረው የቀረውን ሊጠብቅ ነው? የዘገየውን ስም ሊመዘግብ ነው።

ሴቶቹንም አልተውም፤ አድልዎ ይሆንብኛል። ነርሷ እህታችን ረዳቷን ሲኤንኤ በታካሚዋ ፊት «አንቺ፣ እጅሽ አይሠራም?» ትላታለች። ታካሚዋ አማርኛ አይገባትም ብላ ነው። የዘጠና ዓመት አሮጊት ቃሉ ባይገባት ፊት ማንበብ ያቅታታል? ያችው ነርስ እሑድ ቅዳሴ ላይ ናት። በጸሎተ ሐሙስ አባቶች ፎጣ ታጥቀው የምእመናንን እግር በወይንና በወይራ ቅጠል ሲያጥቡ ካልሲዋን አውልቃ ተሰልፋ ቆማለች። ጌታ ዝቅ ብሎ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበትን ቀን አክብራ፣ ጉልባኗን ቀምሳ፣ የሌሊት ሺፍት ገብታ «አንቺ!» ትላለች። የታጠበው እግሯ ብቻ ነው ማለት ነው።

ሬስቶራንት ያላችሁማ! ስለ እናንተ መጽሐፍ ይጻፍ። ደንበኛ ሲገባ ጎንበስ ቀና፣ አስተናጋጇ ስትመጣ ግልምጫ። አንዳንዱ ጭራሽ የልጅቷን ቲፕ ይቆጥራል፣ ለማናጀሩ ያካፍላል። ካላወቅህ እወቅ፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ የፌዴራሉ ሕግ ባለቤትም ማናጀርም ሱፐርቫይዘርም ከሠራተኛ ቲፕ ላይ አንዲት ሳንቲም እንዳይወስድ ከልክሏል። ታመምኩ ስትልህም እንደ ሌባ አታፋጥጣት። ዊተን ባለችበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ከጥቅምት 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ፣ ለየ30 ሰዓት ሥራ አንድ ሰዓት፣ በዓመት እስከ 56 ሰዓት ድረስ የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። ሕጉ የእናትህ ሆድ አይደለም፤ አይታገሥህም። ለአሜሪካዊቷ ሠራተኛህ ትሰጣለህ፣ ምክንያቱም ትከስሃለች። የአገርህ ልጅ ይሉኝታ ስላላት፣ ወረቀት ስለምትፈራ፣ ያንተን እናት ስለምታውቅ ዝም ትላለች። ይሉኝታዋን ነው የምትበላው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ተሸክመህ አትላንቲክን ተሻገርክ፤ ተረት አልቆብህ ነው?

አለቃው በሰው ፊት ያዋርዳል አልን። እሱን የሚሰሙት ግን አዋቂዎች ብቻ አይደሉም። ልጆች አሉ። ባለፈው ዓመት አንድ እዚህ የተወለደ ልጅ፣ የወዳጄ ልጅ፣ ለምን አማርኛ እንደማይናገር ስጠይቀው በእንግሊዝኛ የመለሰልኝ መልስ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ። አማርኛ አባዬ ስልክ ላይ ሲጮህ የሚናገረው ነው አለኝ። አያችሁ? ልጁ አባቱ ሲያመሰግን የሰማው በእንግሊዝኛ ነው፤ ይቅርታ ሲጠይቅ የሰማው በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛን የሰማው ለቁጣ ነው።

እንዲህ የምንጫወትበት ቋንቋ የሰው መንግሥት ያከበረልን ቋንቋ ነው። የዋሽንግተን ከተማ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ ቢሮዎቿ ሊያገለግሉባቸው ከሚገቡት ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። የሞንትጎመሪ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የሚልኩትን ደብዳቤ በአማርኛም ያወጣሉ። ካውንቲው ከጎንደር ጋር እህትማማች ከሆነም ከዐሥር ዓመት በላይ አልፎታል። ፈረንጁ በአማርኛ «እባክዎ» ብሎ ይጽፍልናል! አንቱ ብሎ ይጽፍልናል! እኛ ባለቤቶቹ «አንተ ሰውዬ» እንላለን።

ከሥራ ቦታ ወጥቼ ወደ ሌላ መንደር እየሄድኩ መሆኔን አውቃለሁ፤ ግን አንድ በሽታ ስለሆነ ልናገረው። ማኅበር ብናቋቁም፣ ዕድር ብናቋቁም፣ ቤተ ክርስቲያን ብንሠራ፣ ሁለተኛው ዓመት ላይ ሰብሳቢው አንዱን በጉባኤ ፊት ያዋርዳል፣ የተዋረደው ሰዎቹን ይዞ ይወጣል፣ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ይከፈታል። በ1984 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን፣ በየዓመቱ በአንድ ከተማ የሚያገናኘን ያ ታላቅ ዝግጅት፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ዳላስ፣ ሌላው እዚሁ ዋሽንግተን ሲጫወት አይተናል። ጥፋቱ የማን እንደነበር ልፈርድ አልተነሳሁም። ወንድም ከወንድሙ ጋር ለሰባት ቀን ኳስ ማየት አቅቶት በሁለት አውሮፕላን ሲሄድ ማየት ግን ያማል። አለቃ ለመሆን ሁላችንም ቸኩለናል፤ ለመታዘዝ የተወለደ አንድ ሰው የለንም። መታዘዝ ያልለመደ ደግሞ ሲያዝ ይጮሃል።

እኔም ንጹሕ ሆኜ አይደለም የምናገረው። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ሆቴል፣ የማታ ሺፍት ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። ከሥሬ አንድ ሽማግሌ ይሠሩ ነበር፤ አገር ቤት ርዕሰ መምህር የነበሩ። አንድ ቅዳሜ ማታ የሠርግ አዳራሽ ሲያሰናዱ ወንበሮቹን በተሳሳተ አደራደር ደረደሩ። ማናጀሩ እኔን ተቆጣኝ፣ እኔ ወደሳቸው ዞርኩ። ስምንት ሰው ቆሞ እየሰማ፣ «አንተ ሰውዬ ዓይንህ አያይም?» አልኩ። አሁን ስጽፈው እንኳን እጄ ይከብደኛል። ምንም አልመለሱልኝም። መሐረባቸውን አውጥተው መነጽራቸውን ወለወሉ፣ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አስተካከሉ። መቶ ስድሳ ወንበር ነበር። ማንም እንዳይረዳቸው በዓይኔ ከለከልኩ። ሰኞ አልመጡም።

ከዓመት በኋላ አንድ ለቅሶ ቤት ገባሁ። ሰው ሞልቷል፣ መቀመጫ የለም፣ በሩ ሥር ቆምኩ። ከጥግ አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው ወንበራቸውን ወደ እኔ ገፉና «ይቀመጡ» አሉኝ። እሳቸው ነበሩ። እኔን! በአንቱታ! ረስተውኝ ነው እንዳልል ዓይኔን አይተዋል። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ብከፍት ቃል አልወጣ አለኝ፤ ቀኑ የለቅሶ ስለሆነ ማልቀሴን ማንም አላስተዋለውም። ከዚያ ወዲህ ሥሬ ለሠራ ሰው ሁሉ፣ ልጅም ቢሆን፣ መጀመሪያ «እርስዎ» ነው የምለው፤ «ኧረ አንተ በለኝ» እስኪለኝ ድረስ። አንዳንዶቹ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ስህተት ሲሠሩ ወደ መጋዘን ጠርቼ በር ዘግቼ ነው የምናገራቸው፤ ሲያጠፉ አላባብልም፣ ሥራ ሥራ ነው። ደግሞ ወንበር ሲደረደር አብሬ እደረድራለሁ።

አንተ የማክሰኞው ሰውዬ፣ ይህን ካነበብክ፣ በዚህ ጽሑፍ ሙሉ አንተ እያልኩህ እንደመጣሁ ሳታስተውል አልቀረህም። ቆረቆረህ? ወረቀት ላይ፣ ስምህ ሳይጠራ፣ ማንም ሳያውቅህ ከቆረቆረህ፣ ያ ሽማግሌ ቁልፍ ይዞ ቆሞ ምን ተሰማው? ዛሬውኑ ደውልለት። ቴክስት አይደለም፣ ደውልለት። «ጋሼ» ብለህ ጀምር፤ ቀጥሎ ያለው ግሥ ራሱ ይመራሃል።

እኔ ሰኞም ማክሰኞም ማታ እዚያው ደረጃ ላይ ነኝ። ዳግመኛ ስትጮህ ከሰማሁህ ሦስቱን እርከን ወጥቼ ትከሻህን ነካ አደርግና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እባክዎ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ» እልዎታለሁ።